አዲስ አሠራር ምንድን ነው? በምንስ ይለካል?

ከሸጎሌ፤ በአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በሸጎሌ የቁም ከብት ገበያ ማለዳ የተገኘ ሰው አንድ የማይዘነጋ ነገር ይመለከታል። ገዢው በሬውን ዞሮ ያየዋል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ጎድኑን በመዳፉ ጫን ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠራል። በመካከሉ ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ የገዢው ዓይን ነው። ልምድ ያለው የልኳንዳ ነጋዴ ብዙ ጊዜ አይስትም፤ ቢስትም ስሕተቱ የሚገለጥለት ከብቱ ታርዶ ሥጋው በተመዘነ ጊዜ ስለሆነ ለሚቀጥለው ገበያ ዓይኑን ያርማል።

እኛ በሱቅና በመጋዘን የምንውለው ሰዎችም የራሳችንን አሠራር የምንገምተው በዚሁ በዓይን ነው። ልዩነቱ የእኛ በሬ ታርዶ የማይመዘን መሆኑ ነው። «ዘንድሮ ሥራችንን አሻሽለናል፤ አዲስ ዘዴ አስገብተናል» ስንል ማን እንደ መዘነው፣ በምንስ እንደ ተመዘነ የሚጠይቀን የለም። ስለዚህም ትርፍ ያገኘንበት ዓመት ሁሉ የጥሩ አስተዳደር ዓመት፣ የከሰርንበትም ዓመት ሁሉ የመጥፎ ዕድል ዓመት ሆኖ ይቈጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ነው። በንግድ ቤት አስተዳደር «አዲስ አሠራር» የሚባለው በእርግጥ የትኛው ነው? መኖሩንስ በምን መለኪያ ለማወቅ ይቻላል?

የቃሉ ትርጉም

ስለ አዲስ ፈጠራ በተነገረ ቍጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ መሣሪያ ይሮጣል። አዲስ ማሽን፣ አዲስ ኮምፒዩተር፣ አዲስ የጭነት መኪና ይታየናል። ነገር ግን የኦስትሪያው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዮሴፍ ሹምፔተር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ የንግድን ዓለም ወደ ፊት የሚገፉትን አዳዲስ ነገሮች በአምስት ከፍሎ አሳይቶ ነበር። እነርሱም አዲስ ዕቃ፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ፣ በመጨረሻም አዲስ የሥራ አደረጃጀት ናቸው። ከአምስቱ ውስጥ መሣሪያን የሚመለከተው አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ለአስመጪና ለላኪ ሦስተኛውና አራተኛው፣ ለማንኛውም የንግድ ቤት ደግሞ አምስተኛው እጅግ የቀረቡ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 «የኦስሎ መመሪያ» የተባለውን የፈጠራ መለኪያ መጽሐፍ አወጣ። መጀመሪያ የተመለከተው የፋብሪካን ምርትና የአመራረት ዘዴን ነበር። በ2005 በወጣው ሦስተኛ እትም ግን የአደረጃጀት ፈጠራ ለብቻው ስም ተሰጠው፤ ይኸውም አንድ ድርጅት በውስጥ አሠራሩ፣ በሠራተኞቹ የሥራ ክፍፍል፣ ወይም ከውጭ ሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት ቀድሞ ያልተጠቀመበትን ዘዴ በሥራ ላይ ሲያውል ማለት ነው።

በዚህ አባባል ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ዘዴው ለዓለም አዲስ እንዲሆን ግዴታ የለበትም፤ ለዚያ ቤት አዲስ ከሆነ ይበቃል። ጁልያን በርኪንሾው፣ ጌሪ ሃመልና ማይክል ሞል የተባሉ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2008 በጻፉት ጥናት ከዚህ የጠበቀ ትርጉም ሰጥተው፣ የአስተዳደር ፈጠራ የሚባለው እስከዚያ ጊዜ ከታወቀው ሁሉ አዲስ የሆነው ነው ብለዋል። ለታሪክ ጸሐፊ የእነርሱ ትርጉም ይሻላል፤ ለባለመደብር ግን የፊተኛው ይጠቅማል፤ ጎረቤቱ ከአሥር ዓመት በፊት የጀመረውን ዛሬ ቢጀምር ጥቅሙ አይቀርበትምና።

ሁለተኛው ቁም ነገር «በሥራ ላይ ሲያውል» የሚለው ነው። በስብሰባ የተወሰነ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈ፣ በሥልጠና የተሰማ ነገር ሁሉ ገና ፈጠራ አይደለም። ሠራተኛው በዕለት ሥራው ካልተጠቀመበት ከወረቀትነት አያልፍም።

መመሪያው ፈጠራ ያልሆነውንም ለይቶ ይነግረናል። ያለንን ዓይነት መሣሪያ ደግሞ መግዛት ፈጠራ አይደለም። አንድን ሥራ መተውም፣ ምንም እንኳ ወጪ ቢቀንስ፣ ፈጠራ አይደለም። በበዓል ሰሞን የሚደረግ የወረት ለውጥም እንዲሁ። በተለይ እኛን የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው፤ ባለሱቅ አዲስ የወጣ ዕቃ ስለ ሸጠ ብቻ ፈጣሪ አይባልም፤ ፈጠራው የአምራቹ ነውና። ቀድሞ ነግዶበት ወደማያውቀው የዕቃ ዓይነት ሲገባ ግን ለእርሱ አዲስ ነገር ሆኖ ይቈጠርለታል።

በአገራችን የታየው

በአገራችን ለዚህ ነገር የታወቀው ምሳሌ ካይዘን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን በቱኒዚያ ስለ ረዳችው የካይዘን ሥራ የተጻፈውን አንብበው፣ ለኢትዮጵያም እንዲደረግ ጠየቁ። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ርዳታ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በደንብ ተቋቋመ። የጃፓኖቹ አምስት ቃላት በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» ተብለው ተሰየሙ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። አምስቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ትዕግሥት ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለሚያውቅ ሕዝብ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በወይዘሮ እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት የተቋቋመው ይህ ድርጅት አዲስ እህል አላበቀለም፤ አዲስ ቡናም አልተከለም። ያደረገው ምርቱ በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት በደረሰኝ እንዲሸጥ፣ ሻጩም ገንዘቡን በማግሥቱ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ቡና ላኪዎቻችን ስለ ጥቅሙም ስለ ጉድለቱም ብዙ ተከራክረውበታል። ሆኖም ለእኛ አርእስት የሚበጀው ትምህርት ይህ ነው፤ ዕቃው ሳይለወጥ አሠራሩ ብቻ ሊለወጥ ይችላል፤ መለወጡም «ገንዘቡ በስንት ቀን ደረሰ?» በሚል በአንድ አጭር ጥያቄ ሊለካ ይችላል።

መሣሪያና አሠራር አንድ እንዳልሆኑ የሚያስረዳ ሦስተኛ ምሳሌ በየሱቃችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ምክንያት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ወደየንግድ ቤታችን ገባ። መሣሪያው በየማታው የቀኑን ሽያጭ ጠቅልሎ ዜድ ሪፖርት ያወጣል። ብዙዎቻችን ያንን ወረቀት ለግብር ሰብሳቢው ብለን በክር አስረን እናኖረዋለን እንጂ «ማክሰኞ ከሰኞ ለምን አነሰ?» ብለን አንጠይቀውም። መሣሪያው አዲስ ሆኖ ሳለ አሠራራችን አሮጌ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ከዜድ ሪፖርቱ ተነሥቶ በየሳምንቱ ትእዛዙን የሚያርም ባለሱቅ ግን፣ በዚያው መሣሪያ፣ አዲስ አሠራር አስገብቷል።

ሳይጻፍ የቀረ ደብዳቤ

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ራሳችን ቤት ዝም ማለት አይገባኝም። አሠሪዬ የቧንቧ መጋጠሚያ፣ የበር ቁልፍና ማጠፊያ፣ ቀለምና ሚስማር አስመጥተው የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። መጋዘናችንን ለ19 ዓመት የጠበቁት በዕድሜ ከአሠሪዬ የሚበልጡ አንድ አረጋዊ ናቸው። በአንድ ዓመት መጨረሻ ቈጠራ ስድስት ካርቶን የበር ቁልፍ ጐደለ። አሠሪዬ አዘኑ፤ ከዚያም ተቈጡ፤ በመጨረሻም ወደ ክፍሌ ገብተው፦

«ለጋሽ ዘበኛው ሳይሆን ለመጋዘን ጠባቂው የስንብት ደብዳቤ ጻፊ። እኔ በዚህ ዕድሜያቸው ልከሳቸው አልፈልግም፤ በሰላም ይሂዱ» አሉኝ።

የጽሕፈት ሥራ ከያዝሁ ብዙ ዘመን ነው፤ የታዘዝሁትን ሳልጽፍ የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የዚያን ቀን ግን እጄ አልታዘዘልኝም። ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ አምስቱ ማዎች አጭር ሥልጠና ወስጄ ነበርና፦

«ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ይስጡኝ። መጋዘኑን እናጣራው፤ ከዚያ በኋላም ጐድሎ ከተገኘ ደብዳቤውን እጽፋለሁ» አልኋቸው። ፈቀዱልኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት የማያስፈልገውን አወጣን፤ የተሰበረ ሳጥን፣ ዝገት የበላው ሚስማር፣ ባለቤት ያጣ ናሙና። በሁለተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ሰጠነው፤ በየመደርደሪያውም ላይ ቢን ካርድ ሰቀልን፤ የገባውና የወጣው በዚያው ሰዓት እንዲጻፍበት ተስማማን። በዚህ መካከል አራቱ ካርቶን ተገኙ። ቁልፉ በአስመጪ ሰነዱ ላይ በፋብሪካው ስም፣ በሱቁ መዝገብ ላይ ደግሞ ገበያው በሚጠራው ስም ተመዝግቦ ስለነበር፣ አንዱ ዕቃ ሁለት ስም ይዞ በሁለት ቦታ ተቀምጦ ኖሯል። ቈጣሪዎቹ አንዱን ስም ሲቈጥሩ ሁለተኛውን ስም ረስተውታል።

የቀሩት ሁለት ካርቶኖች በሦስተኛው ሳምንት ታወቁ። አንድ የቆየ ደንበኛ ሒሳቡን ሊዘጋ መጥቶ፣ «በገበያ ቀን በስልክ ጠይቄ የወሰድኋቸው ሁለት ካርቶን ቁልፎች ይታሰቡልኝ» አለ። በስልክ የፈቀዱት አሠሪዬ ራሳቸው ነበሩ። የዕቃ ማውጫ ደረሰኝ አልተቈረጠም ነበር።

አሠሪዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያም ወደ መጋዘኑ ሄደው አረጋዊውን፣ «ይቅር ይበሉኝ፤ ያጎደልሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። እርሳቸውም፣ «እኔስ ይህን የምሰማበት ቀን እስኪመጣ ብቻ ነበር የምለምነው» ብለው አለቀሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ያለ ደረሰኝ ዕቃ የሚያስወጣ ሰው የለም፤ ባለቤቱም ቢሆኑ ፈርመው ነው። እኔ አዲስ አሠራር ብዬ የምጠራው ካርዱን አይደለም። ካርድ ከማንም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገዛል። አዲሱ ነገር ባለቤቱ እንደ ሠራተኛው መፈረማቸው ነው።

መለኪያው ደግሞ ቀላል ነበር። ከሥራው በፊት አንድ ትእዛዝ ወደ መጋዘን ከተላከ ጀምሮ ዕቃው ተገኝቶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ለ20 ትእዛዞች በደብተር ጽፌ ነበር፤ በአማካይ 25 ደቂቃ ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ እንደዚሁ ብጽፍ 9 ደቂቃ ሆነ። ነገር ግን ሁሉንም መናገር ይገባልና፣ የፋሲካ ሰሞን ሥራ ሲበዛ ካርዱ መሞላቱ ተቋርጦ፣ እንደገና ብለካ 17 ደቂቃ ደርሶ አገኘሁት። ከአምስቱ ማዎች የመጨረሻው «ማዝለቅ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ወደ ኋላ መመለሳችንን ማንም ባላወቀ ነበር።

በውጭ አገር እንዴት ይለካሉ?

ኒኮላስ ብሉምና ጆን ቫን ሪነን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ፣ በብሪታንያ፣ በፈረንሳይና በጀርመን የሚገኙ 732 መካከለኛ ፋብሪካዎችን አስተዳደር ለክተዋል። ዘዴያቸው ለእኛም ትምህርት ይሆናል። ሥራ አስኪያጆቹን በስልክ ስለ 18 የአስተዳደር ልማዶች ጠይቀው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ፤ ነጥብ እየተሰጠ መሆኑን ግን ተጠያቂው እንዲያውቅ አላደረጉም። ጥያቄውም «ሥራችሁን ትከታተላላችሁን?» የሚል አልነበረም፤ ለዚህ «አዎን» ብሎ የማይመልስ የለምና። ሥራውን የምትከታተሉት እንዴት ነው፣ በምን በምን ጊዜ ነው፣ ምሳሌ ስጡን እያሉ ነበር የጠየቁት።

በኋላም ብሉም ከሌሎች ጋር ሆኖ በሕንድ አገር በሙምባይ አካባቢ በሚገኙ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ፈተና አደረገ። ለአንዳንዶቹ ፋብሪካዎች አማካሪ ተሰጥቷቸው 38 የአሠራር ልማዶችን እንዲያስገቡ ተረዱ፤ ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት የተረዱት ፋብሪካዎች ምርታማነት በመጀመሪያው ዓመት በ17 በመቶ ጨምሯል። ካስገቧቸው ልማዶች መካከል የፋብሪካውን ወለል ማጽዳት፣ የብልሽትን ምክንያት መመዝገብ፣ በግምጃ ቤት ያለውን ክር መቍጠር ይገኙባቸዋል። ይህ ሁሉ አንድ ሸጎሌ ያለ ባለመጋዘን ሊያደርገው የማይችለው ነገር አይደለም።

እኛስ ምን እንለካ?

ለአንድ መካከለኛ የንግድ ቤት 38 ልማድ ይበዛ ይሆናል። ከራሴ ደብተር ተነሥቼ አምስት መለኪያ ብቻ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ትእዛዝ ከተቀበልንበት እስከ አስረከብንበት ያለው ጊዜ። ሁለተኛ፣ በመዝገብ ያለውና በመደርደሪያ ያለው ዕቃ ምን ያህል እንደሚስማማ፤ ለዚህም የዓመቱን ቈጠራ ሳይጠብቁ በየቀኑ አምስት ዓይነት ዕቃ እየመረጡ መቍጠር ይበቃል። ሦስተኛ፣ ዕቃው ከጉምሩክ ከወጣበት እስከ ተሸጠበት ያለው ቀን፤ በመጋዘን የተኛ ዕቃ የተኛ ገንዘብ ነውና። አራተኛ፣ ደንበኛ ጠይቆ «የለም» ተብሎ የሄደበት ጊዜ ስንት እንደሆነ። ይህን አብዛኞቻችን አንጽፈውም፤ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ደረሰኝ የለውምና። አምስተኛ፣ ሠራተኞች ካቀረቡት ሐሳብ ውስጥ ስንቱ በሥራ ላይ እንደ ዋለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መለኪያችን የብር ሽያጭ ብቻ ከሆነ እንታለላለን። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎች የብር ዋጋ ከፍ አለ። ስለዚህ የአንድ አስመጪ የብር ሽያጭ አድጎ ሳለ የሸጠው ካርቶን ቍጥር ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ያመጣውን አሠራራችን ያመጣው አድርገን እንዳንኰራበት፣ ከብሩ ጎን ካርቶኑን፣ ደቂቃውንና ቀኑን መጻፍ ይገባል።

ደግሞም አስቀድሞ ሳይለኩ ለውጥን መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው። መነሻው ያልታወቀ መንገድ ርዝመቱ አይታወቅም። ለውጥ ሊያደርግ የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ የአሮጌውን አሠራር ልክ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ይለውጥ፤ ከሦስት ወርም ከስድስት ወርም በኋላ በዚያው መለኪያ ደግሞ ይለካ።

የመለኪያ ጉድለት

መለኪያ ሁሉን ያሳያል ማለቴ አይደለም። ሠራተኛው የሚሸለመው በደቂቃ ብቻ እንደሆነ ካወቀ ደቂቃውን ለማሳጠር ሲል የተሳሳተ ዕቃ ያቀብላል። የሚመዘገበው ሐሳብ ብዛት ብቻ ከሆነ ሰው ሁሉ የማይረባ ሐሳብ ይጽፋል። ስለዚህ አንዱ መለኪያ ሌላውን የሚጠብቅ መሆን አለበት፤ ፍጥነትን የለካ ስሕተትንም አብሮ ይለካ። ከዚህም ሁሉ በላይ መለኪያው ሠራተኛውን ብቻ የሚነካ ከሆነ ከሠራተኛው እውነት አይገኝም። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» እንደ ተባለው፣ ባለቤቱም በዚያው ቁና ለመሰፈር መፍቀድ አለበት።

የእኛ መጋዘን ጠባቂ ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው። ጠዋት ጠዋት አምስቱን ዕቃ ቈጥረው ካርዱን ይዘው ወደ ክፍሌ ሲመጡ፣ «ልጄ፣ ዛሬም ልክ ነው» ይሉኛል። ልክ ያልሆነበት ቀንም አለ፤ ያን ቀን ያለ ፍርሃት «ዛሬ አንድ ጐድሏል፤ እንፈልገው» ይሉኛል። ያ የስንብት ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀረ፤ ዛሬ በመዝገቤ የሚገኘው በየቀኑ የሚጻፈው የቈጠራ ወረቀት ነው። ክቡራን አንባቢዎችም በሚቀጥለው ሰኞ ሱቃቸውን ሲከፍቱ አንድ ደብተርና አንድ ሰዓት አጠገባቸው አድርገው የመጀመሪያዎቹን 20 ትእዛዞች ብቻ እንዲጽፉ በትሕትና አሳስባለሁ።